ቃር፣ ኦሜፕራዞልና ተልባ፦ የጨጓራን አሲድ ከመቀነሳችን በፊት

(ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብና ለአካባቢው ነዋሪዎች ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ በጽሑፍ የተገለበጠ)



ገለጻዬን ከቤተሰቤ ታሪክ ልጀምር። ዳንግላ አቅራቢያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ አክስት አሉኝ። ለልባቸው በየቀኑ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ይወስዳሉ፤ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ደግሞ ዳይክሎፌናክ ይጨምራሉ። ሁለቱም መድኃኒቶች ጨጓራን ሊያቆስሉ ስለሚችሉ ሐኪማቸው ኦሜፕራዞል አብረው አዘዙላቸው። አንድ ቀን አንድ የተማረ ዘመድ ሊጠይቃቸው ሄደና የመድኃኒት ከረጢታቸውን አየ። «ይህ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ኩላሊት ይጎዳል፣ አጥንት ያሳሳል፤ ይልቅስ ተልባ ይሻልዎታል» አላቸው። እሳቸውም የተማረ ሰው ቃል ነውና ኦሜፕራዞሉን ጥለው ተልባውን ያዙ፤ አስፕሪኑንና ዳይክሎፌናኩን ግን ቀጠሉ። ወር ሳይሞላ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ ከአልጋ ሲነሡም ራሳቸውን ስተው ወደቁ። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ባሕር ዳር ደረሱ፤ ደም ተሰጥቷቸው፣ የሚደማው ቁስል ታክሞላቸው እግዚአብሔር አተረፋቸው።

ያ የተማረ ዘመድ እኔ ነኝ።

የዶክትሬት ትምህርቴ በባዮኬሚስትሪ ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ለአክስቴ የነገርኋቸው ነገር ከሳይንሳዊ ጽሑፎች ያነበብሁት ነበርና ከባዶ ሜዳ የመጣ ወሬ አልነበረም። ነገር ግን ምን ያህል እንደተረጋገጠ አልመዘንሁትም፤ እሳቸው መድኃኒቱን ለምን እንደሚወስዱም አልጠየቅሁም። በዚያው ሰሞን እኔ ራሴ ኦሜፕራዞል መውሰድ ከጀመርሁ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌን በማዘጋጅበት ወቅት ቃር አስቸገረኝና ያለ ማዘዣ ገዝቼ ጀመርሁት፤ ጽሑፉ አለቀ፣ መድኃኒቱ ግን አላለቀም። እንግዲህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መድኃኒቱ የሚያስፈልጋቸው ሰው አቆሙ፤ የማያስፈልገው ሰው ቀጠለ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ በሙሉ ከዚህ ስሕተት የተገኘ ነው። ስለ ማንኛውም አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ስንነጋገር «ጎጂ ነው ወይስ ጠቃሚ» ከማለታችን በፊት፦ ለማን? ለምን? እስከ መቼ? ብለን እንጠይቅ።

አሲዱ ምን ይሠራል?

ጨጓራችን በቀን እስከ 2 ሊትር የሚደርስ ፈሳሽ ያመነጫል። የዚህ ፈሳሽ ዋና ኃይል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ በባዶ ሆድ የፒ ኤች መጠኑ ከ1 እስከ 2 ገደማ ይሆናል። ጨጓራ በውስጠኛው ግድግዳው ላይ ዝልግልግ ሽፋንና ባይካርቦኔት ስላለው አሲዱን ይቋቋማል። ምግብ ከአፋችን ወደ ጨጓራ የሚወርድበት ቧንቧ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። በሁለቱ መካከል ያለው ክብ ጡንቻ ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ይመለስና ደረታችንን ያቃጥለናል። ቃር የምንለው ይህንን ነው።

አሲዱ ያለ ምክንያት አልተሰጠንም። ፕሮቲን የሚፈጨውን ፔፕሲን የተባለ ኢንዛይም ሥራ ያስጀምራል። ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የምናገኘውን ቫይታሚን ቢ12 ከተጣበቀበት ፕሮቲን እንዲላቀቅ ይረዳል። ከጤፍና ከጥራጥሬ የምናገኘውን ብረት አንጀት ሊቀበለው ወደሚችል መልክ ይለውጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከምግብና ከውሃ ጋር ለሚገቡ ተሕዋስያን የመጀመሪያው የጥበቃ በር ነው። ስለዚህ አሲዱን ስንቀንስ ቃጠሎውን ብቻ አንቀንስም፤ እነዚህንም አገልግሎቶች በልክ እንቀንሳለን።

«ጨጓራ አለብኝ» ስንል

በአማርኛ «ጨጓራ አለብኝ» እንላለን። ጨጓራማ ሁላችንም አለን! ሕመሙን በአካሉ ስም መጥራታችን ግን ቀላል ያልሆነ መዘዝ አለው፤ ቢያንስ አራት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ከረጢት ይከታል። አንደኛው አሁን የገለጽሁት የአሲድ መመለስ ነው። ሁለተኛው የጨጓራ ወይም የትንሹ አንጀት መነሻ ቁስለት ነው። ሦስተኛው በኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ምክንያት የሚመጣ የጨጓራ ግድግዳ መቆጣት ነው። አራተኛው በምርመራ ምንም ቁስል ሳይታይ የሚሰማ የመነፋት፣ የማቃጠልና ቶሎ የመጥገብ ስሜት ነው። ከነዚህ ውጭ የሐሞት ጠጠር፣ የጨጓራ ካንሰር፣ አልፎ አልፎም የልብ ሕመም በዚሁ ስም ይሸፈናሉ። ኦሜፕራዞል ለአንዳንዶቹ ፍቱን ነው፤ ለአንዳንዶቹ ምልክቱን ብቻ ይሸፍናል፤ ለሌሎቹ ደግሞ ምንም አይፈይድም።

ስለ ኤች ፓይሎሪ ትንሽ ልጨምር። እስከ 1980ዎቹ ድረስ የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከቅመም የሚመጣ ነው ተብሎ በሰፊው ይታመን ነበር። በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሐኪሞች ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1982 ለይተው አሳደጉ። የሚያምናቸው ሲያጡ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቆጣ አሳየ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን ባክቴሪያ ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። በአገራችን የተካሄዱ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ትንታኔ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያው እንደተገኘባቸው ያሳያል። ቃርን ብቻ እያስታገሡ ለዓመታት መኖር ማለት ይህን እንግዳ ሳያውቁት በቤት ውስጥ ማቆየት ሊሆን ይችላል።

ከአንታሳይድ እስከ ኦሜፕራዞል

አሲድን የሚቀንሱ መድኃኒቶች በሦስት ይመደባሉ። አንታሳይድ የሚባሉት፣ ማለትም የአሉሚኒየም፣ የማግኒዥየምና የካልሲየም ውሕዶች፣ የተመረተውን አሲድ ያረክሳሉ፤ ፈጥነው ይሠራሉ፣ ፈጥነውም ያልቃሉ። ሁለተኛዎቹ ሂስታሚን ለአሲድ አምራች ሕዋሳት የሚያደርሰውን ትእዛዝ ይዘጋሉ። የመጀመሪያው ሲሜቲዲን እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝ ለሽያጭ ቀረበ፤ ለግኝቱ መሠረት የጣለው ጄምስ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1988 ኖቤል ተሸልሟል። ከዚህ ቤተሰብ የሆነው ራኒቲዲን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2020 ከገበያ እንዲወጣ ተጠይቋል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ሲቀመጥ፣ በተለይም በሙቀት፣ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ የሚሰጋ ኬሚካል እየጨመረ እንደሚሄድበት በመታወቁ ነው።

ሦስተኛዎቹ ኦሜፕራዞልና ወንድሞቹ ናቸው፤ ፓንቶፕራዞልና ኢሶሜፕራዞል ከነርሱ ይቆጠራሉ። ኦሜፕራዞል እ.ኤ.አ. በ1988 በስዊድን ለገበያ ቀረበ። የጨጓራ ሕዋሳት አሲድ የሚያፈስሱት ፕሮቶን ፓምፕ በተባለ ፕሮቲን በኩል ነው። ኦሜፕራዞል በደም በኩል ወደ ሕዋሱ ይደርሳል፤ እዚያ አሲድ ሲያገኘው ይለወጥና ፓምፑ ላይ ላይላቀቅ ይጣበቃል። ፓምፑ ሥራ ላይ ካልሆነ ግን አይያዝም። ፓምፖቹን የሚቀሰቅሳቸው ምግብ ስለሆነ መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ መወሰድ አለበት። ከእራት በኋላ ተኝቶ የሚወስደው ሰው የመድኃኒቱን ብዙ ጥቅም ያባክናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰውም ከዕለቱ የመጀመሪያ ምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ሊወስደው ይችላል።

የተረጋገጠውና ያልተረጋገጠው ጉዳት

ባለፉት ዓመታት ኦሜፕራዞልና ወንድሞቹ ለአጥንት ስብራት፣ ለኩላሊት ድክመት፣ ለሳንባ ምችና ለመርሳት ሕመም ይዳርጋሉ የሚሉ ጥናቶች ወጥተዋል። አብዛኞቹ የሕክምና መዝገቦችን አገላብጠው መድኃኒቱን የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር ያነጻጸሩ ናቸው። ተማሪዎቻችን እዚህ ላይ ልብ በሉ። መድኃኒቱ የሚታዘዘው በአመዛኙ ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ብዙ ሕመም ላለባቸውና ብዙ መድኃኒት ለሚወስዱ ነው። እነዚህ ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ቢታመሙ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነው ወይስ ቀድሞ የነበረው ሕመም? መዝገብ ብቻውን ይህን ሊለይ አይችልም።

የሚለየው በዕጣ ተመድቦ የሚደረግ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ፣ ኮምፓስ የተባለ ጥናት 17,598 የልብና የደም ሥር ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ፓንቶፕራዞል፣ ለግማሾቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ኪኒን ሰጥቶ ለ3 ዓመት ያህል ተከታተላቸው። በስብራት፣ በሳንባ ምች፣ በኩላሊት ሕመምና በመርሳት ሕመም ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። በግልጽ የጨመረው የአንጀት ኢንፌክሽን ብቻ ነበር፤ 1.4 በመቶ ከ1.0 በመቶ ጋር። ይህ ማለት ከ1,000 ሰዎች በ3 ዓመት ውስጥ 4 ተጨማሪ ሕሙማን ማለት ነው። እኔ አክስቴን ያስፈራራሁባቸው ሁለቱ ጉዳቶች፣ ኩላሊትና አጥንት፣ በዚህ ሙከራ አልተረጋገጡም።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሦስት ዓመት የዐሥር ዓመት ተጠቃሚን ታሪክ አይነግረንም። በጥንቃቄ ሊታዩ የሚገባቸውን ላንሣ። ከዓመት በላይ ሲወሰድ በጥቂት ሰዎች ላይ የማግኒዥየም መጠን በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን አስጠንቅቋል። አልፎ አልፎ ኩላሊትን በድንገት የሚያስቆጣ አለርጂ መሰል ሕመም ይከሰታል። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ከወሰዱት መካከል የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ይበልጥ እንደሚታይ እ.ኤ.አ. በ2013 ከካሊፎርኒያ የወጣ ትልቅ ጥናት አመልክቷል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ሙከራ ምንም ሕመም የሌለባቸው 120 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ለግማሾቹ 8 ሳምንት ኢሶሜፕራዞል፣ ቀጥሎ 4 ሳምንት አምሳያ ኪኒን ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ ለ12ቱም ሳምንታት አምሳያ ኪኒን ብቻ ወሰዱ። በመጨረሻዎቹ 4 ሳምንታት መድኃኒቱን ካቆሙት 44 በመቶው፣ ከሌሎቹ ግን 15 በመቶው ብቻ ቃርና መሰል ስሜት ተሰማቸው። ጤነኛ ሰዎች መድኃኒቱን በማቆማቸው ብቻ ቃር ያዛቸው ማለት ነው። ጨጓራ ለሳምንታት ሲታገድ የአሲድ ማምረቻውን አቅም ያጎለብታል፤ እገዳው ሲነሣ ከቀድሞው አብልጦ ያመርታል። ሰውየው ግን «ሕመሜ ተመለሰ» ብሎ መድኃኒቱን ይቀጥላል። የእኔን አራት ዓመት የሚያስረዳው ይህ ነው።

ለእኛ አካባቢ የሚለዩ ጉዳዮች

የውጭ ጥናቶችን ስናነብ የእኛን አኗኗር ከጎን ማስቀመጥ ይገባል።

የመጀመሪያው ውሃ ነው። ከላይ የጠቀስሁት የአንጀት ኢንፌክሽን ከ1,000 ሰዎች 4 ጭማሪ የታየው በብዙ አገሮች በተካሄደ ጥናት ነው። የምንጭና የወንዝ ውሃ ሳያፈላ ለሚጠጣ ሰው የአሲዱ ጥበቃ የበለጠ ዋጋ እንዳለው መገመት አያዳግትም። የጨጓራ አሲድ ማነስ ለኮሌራ ተጋላጭነትን እንደሚጨምር ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ቋራ ወረዳ ኮሌራ ሲከሰት አይተናል። አሲድ ቀናሽ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በእንዲህ ያለ ወቅት ውሃውን አፍልቶ ወይም አክሞ መጠጣት ከሌላው ሰው ይበልጥ ግዴታው ነው።

ሁለተኛው ጾም ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ምእመናን በዓመት ከ180 ቀናት ያላነሰ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይከለከላሉ። ቢ12 የሚገኘው ከእነዚሁ ምግቦች ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ ጾሙ ብቻውን ለጤነኛ ሰው ችግር ላይሆን ይችላል። ዓመቱን ሙሉ ኦሜፕራዞል የሚወስድ ጾመኛ ግን በፍስክ የሚበላውንም ቢ12 በሚገባ አይጠቀምበትም። እግርና እጅ መደንዘዝ፣ ድካም፣ የመርሳት ስሜት ከታየበት የደም ምርመራ ይጠይቅ። ብረትም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛው ብረታችን ከእህል ስለሆነ የአሲዱን እገዛ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው መጋጨት ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖች ይህን አስተውሉ። አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ያለበት አንታሳይድ ዶሉቴግራቪርን አስሮ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ዶሉቴግራቪር አንታሳይዱ ከመወሰዱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከተወሰደ 6 ሰዓት በኋላ መሆን አለበት። አታዛናቪር የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር ኦሜፕራዞል መጀመር የለበትም። አንታሳይድ ሲፕሮፍሎክሳሲንን፣ ዶክሲሳይክሊንንና ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠውን ብረትም ያስራል። ኦሜፕራዞል ክሎፒዶግሬል የተባለውን የልብ መድኃኒት ኃይልም ይቀንሳል።

አራተኛው ምርመራ ነው። ኦሜፕራዞል ኤች ፓይሎሪን አያጠፋውም፤ ቁጥሩን ግን ይቀንሰውና ከምርመራ ይሰውረዋል። ስለዚህ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ከመደረጉ 2 ሳምንት በፊት ኦሜፕራዞል፣ 4 ሳምንት በፊት ደግሞ አንቲባዮቲክ በሐኪም ፈቃድ መቆም አለበት። በተቃራኒው የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ስለሚችል መዳናችንን ለማረጋገጥ አይጠቅምም። ቀድሞ መድኃኒት ውጦ ኋላ መመርመር ነገሩን ከራስጌው ወደ ግርጌው መገልበጥ ነው።

የማጀትና የጓሮ መድኃኒቶች

አሁን ወደ ተልባው እንምጣ። ባህላዊ ዕውቀታችንን ማክበር ማለት እንደ ማንኛውም ዕውቀት መመርመር ማለት ነው።

ተልባ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ የሚሰጠው ዝልግልግ የምግብ ቧንቧንና ጨጓራን ለጊዜው ሊያለሰልስ ይችላል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ጨጓራን ከመቁሰል የመከላከል ምልክት አሳይቷል፤ በሰው ላይ ቁስለትን ለመፈወሱ ግን በቂ ማስረጃ የለም። እናቶቻችን ቆልተው መፍጨታቸው ጥሩ ልማድ ነው፤ ጥሬ ተልባ ሳያናይድ የሚያመነጩ ውሕዶች ስላሉት ሙቀቱ ይቀንሳቸዋል። ዝልግልጉ የመድኃኒትን ወደ ደም መግባት ሊያዘገይ ስለሚችል መድኃኒትና ተልባ በ2 ሰዓት ያህል ይራራቁ።

አብሽ የተሻለ የሰው ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ አነስተኛ ጥናት ከምግብ በፊት ለ2 ሳምንት የተወሰደ የአብሽ አሰር ቃርን በመቀነስ ረገድ ከአነስተኛ መጠን ራኒቲዲን ጋር ተቀራራቢ ውጤት ሰጥቷል። አንድ ትንሽ ጥናት ቤት አይሠራም፤ ግን መሠረት ሊሆን ይችላል። አብሽ የደም ስኳርን ስለሚቀንስ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይጠንቀቁ፤ ነፍሰ ጡሮችም በብዛት አይውሰዱት።

ጥቁር አዝሙድ በአንድ የሳዑዲ ዓረቢያ ጥናት ኤች ፓይሎሪን ለማጥፋት ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳይቷል፤ ነገር ግን የተሰጠው ከኦሜፕራዞል ጋር ነበር። ይህን ጥናት ጠቅሶ ኦሜፕራዞልን ጣሉ የሚል ሰው ጽሑፉን ግማሹን ብቻ አንብቦታል። ነጭ ሽንኩርትና ማር በብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያውን ይጎዱታል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በሰው ላይ በተደረገ ትንሽ ሙከራ ግን ነጭ ሽንኩርት ለውጥ አላመጣም። የአዊ ማር ምግብነቱ ይበቃዋል፤ ያልሆነውን ሥራ አንጫንበት።

ወተት ሲጠጣ ያበርዳል፤ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ግን ወዲያው ተጨማሪ አሲድ ያስመርታሉ። አምቦ ውሃ በባይካርቦኔቱ ለጊዜው ያረግባል፤ ጋዙ ግን ጨጓራን ነፍቶ አሲዱን ወደ ላይ ሊገፋ ይችላል። ሶዳ በጥብጦ መጠጣት ብዙ ሶዲየም ስላለው ለደም ግፊት፣ ለልብና ለኩላሊት ሕሙማን አደገኛ ነው። በርበሬስ? ቁስለት እንደማያመጣ እናውቃለን፤ የተቆጣ ጨጓራን ግን ያቃጥላል። ስለዚህ የሚያቃጥለው ሰው ይቀንስ፤ የማያቃጥለው ሰው በወሬ ብቻ ወጡን አያልጫው።

ማስረጃ ያላቸው ዋጋ አልባ መንገዶች

ለቃር ጥሩ ማስረጃ ያላቸው «ተፈጥሯዊ» መንገዶች በጆንያ አይሸጡም። ከሁሉ የሚበልጠው ክብደት ላላቸው ሰዎች ክብደት መቀነስ ነው። ቀጥሎ ከእራት እስከ መኝታ 3 ሰዓት ያህል መቆየት ነው። የእንጅባራ ብርድ በጊዜ ወደ አልጋ እንደሚገፋን አውቃለሁ፤ እንግዲያውስ እራቱን እናስቀድም፣ እናቅልለውም። ሌሊት የሚያቃጥለው ሰው በአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው እንጨት ያስገባ፤ የቀርከሃ አልጋችን ለዚህ ቀላል ነው። ትራስ መደራረብ ግን ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል። በግራ ጎን መተኛት ይረዳል። ጠበቅ ያለ መቀነትና ቀበቶ ሆድን ጨምቆ አሲዱን ወደ ላይ ስለሚገፋ ይላላ። ሲጋራ ማቆም፣ አረቄንና ጠጅን መቀነስ፣ ጾም በሚፈታበት ዕለት ቅባት የበዛበትን ምግብ በአንድ ጊዜ አለመጫን ይጠቅማል።

ማን ያቁም፣ ማን ይቀጥል?

ማቆም የሌለባቸውን ላስቀድም፤ የአክስቴ ታሪክ ያስገድደኛልና። አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚወስዱና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች፣ የሚደማ ቁስለት የነበረባቸው፣ የምግብ ቧንቧቸው በአሲድ ክፉኛ የቆሰለ ወይም ሽፋኑ የተለወጠ ሰዎች ሐኪማቸው ካላሉ በቀር አያቁሙ። ለእነርሱ ጥቅሙ ከጉዳቱ በብዙ ይበልጣል።

በሌላ በኩል ቀላል ቃር ኖሮባቸው 4 ወይም 8 ሳምንት እንዲወስዱ ተነግሯቸው ዓመታት የዘለቁ ሰዎች ከሐኪም ጋር ተነጋግረው ለማቆም ይሞክሩ። መጠኑን በግማሽ መቀነስ፣ ቀጥሎ ቀን እየዘለሉ መውሰድ አንዱ መንገድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቃሩ ቢብስ የጨጓራው እልህ መሆኑን አውቀው በአንታሳይድ ያሳልፉት፤ ከሁለት ወር በላይ ከቀጠለ ግን ይመርመሩ።

ደም ማስታወክ፣ ጥቁር ሰገራ፣ ምግብ መዋጥ ማስቸገር፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ደም ማነስ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ሕመም ካለ ኦሜፕራዞልም ተልባም አይደለም፤ ሐኪም ቤት ነው። ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሰራጭ፣ ላብ ያለበት የደረት ሕመምም «ጨጓራ» ተብሎ እቤት አይታደርም።

ከታዳሚዎች ከተነሡ ጥያቄዎች

አንድ ተማሪ፦ «ዶክተር፣ በፈተና ሰሞን ሁላችንም ጨጓራችንን ያመናል፤ ለሁለት ሳምንት ብንወስደው ምን ይጎዳናል?»

መልስ፦ ሁለት ሳምንት ብዙም አይጎዳህም። የሚያሰጋኝ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ስትጀምር የምታቆምበትን ቀን በካርቶኑ ላይ ጻፍ። በየፈተናው ከተመላለሰብህ ደግሞ መድኃኒቱን ከመግዛትህ በፊት የኤች ፓይሎሪ ምርመራ አድርግ።

አንዲት እናት፦ «ልጄ፣ ለኤች ፓይሎሪ ሦስት ዓይነት ኪኒን ታዘዘልኝ፤ ሲሻለኝ በሳምንቱ ተውኩት። ጥፋት ነው?»

መልስ፦ እማማ፣ ብዙዎቻችን እንዲሁ እናደርጋለን። ግን ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን በአንድነት ሲታዘዙ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀናት ነው። በመካከል ሲቋረጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል። ወዳከሙዎት ሐኪም ተመልሰው ያቋረጡትን ይንገሩ፤ አይፈሩ፣ አይቆጡዎትም።

አንድ ባልደረባ፦ «አክስትዎ አሁን እንዴት ናቸው?»

መልስ፦ ደኅና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዳይክሎፌናኩ ቀርቶላቸው ጉልበታቸውን በሌላ መንገድ ይታከማሉ፤ ኦሜፕራዞላቸውን ቁርስ ሳይበሉ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይወስዳሉ። ተልባቸውንም አልተዉም፤ ቀትር ላይ ይጠጡታል። እኔ ግን መድኃኒቱን ካቆምሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ስጠይቃቸው «አንተ ደግሞ ከመምከርህ በፊት ጠይቅ» ይሉኛል። ከዛሬው ገለጻ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንኑ የአክስቴን ቃል ያዙልኝ።